ቤተ መንግሥት የሌላት ከተማ የቅርስ ሽልማት ለምን ተሰጣት? ስለ ስዊዘርላንዱ የቫከር ሽልማት

ጥያቄ፦ «በስዊዘርላንድ በጄኔቭ ካንቶን (ክልል) ሜራን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ በተሠራ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤት ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከተማችን በ2022 የቫከር ሽልማት የተባለ የሥነ ሕንፃ ቅርስ ሽልማት እንደተሸለመች ሰምቻለሁ። እዚህ ቤተ መንግሥት የለም፣ የጥንት ግንብ የለም፣ ካቴድራልም የለም። ታዲያ የተሸለመው ምኑ ነው? ገንዘቡ 20,000 ፍራንክ ብቻ ከሆነስ ለአንድ ከተማ ምን ይሠራለታል? እኛን ተከራዮችንስ ቤታችን እንዳይፈርስ ይጠብቀናል ወይስ ኪራይ ያስጨምርብናል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ሦስቱም ጥያቄዎችዎ አንድ መሠረት ስላላቸው ከዚያ ብጀምር ይሻላል። የቫከር ሽልማት የሚሰጠው ለማዘጋጃ ቤት ነው። ዳኞቹ የሚመዝኑት አስተዳደሩ በእጁ ያለውን ነገር አውቆ ምን እንደወሰነ፣ ምን እንደፈቀደ፣ ምን እንደከለከለ፣ አዲስ ሲሠራም ከነባሩ ጋር እንዴት እንዳስማማው ነው። የሕንፃው ዕድሜ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ይህን ስንይዝ የሜራን መመረጥ እንግዳ አይሆንብንም፤ ይሁንና ሽልማቱ እዚህ የደረሰው በአንድ ጊዜ ስላልሆነ የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሽልማቱ መነሻ እርስዎ የሚኖሩበት ካንቶን ነው። የጄኔቩ ነጋዴ ኦንሪ ሉዊ ቫከር ለስዊዘርላንድ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር በኑዛዜ ገንዘብ አወረሱ፤ ማኅበሩም ከ1972 ጀምሮ በየዓመቱ በስማቸው ይሸልማል። ማኅበሩ በ1905 የተመሠረተ ሲሆን ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ሃይማትሹትስ፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ ፓትሪሞዋን ስዊስ ይሉታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአባላት ማኅበር ነው። ምናልባት ልጆችዎ በወርቅማ ወረቀት የተጠቀለለ ክብ ቸኮሌት ከትምህርት ቤት ይዘው መጥተው ለጎረቤት ሸጠው ከሆነ፣ ያ ሽያጭ ይህ ማኅበር ከተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ነው፤ በ1946 ሲጀመር ዓላማው በኤንጋዲን ሸለቆ የሚገኘውን የሲልስ ሐይቅ ከኃይል ማመንጫ ግድብ ማዳን ነበር።

የመጀመሪያዋ ተሸላሚ በራይን ወንዝ ዳር ያለችው ሽታይን አም ራይን ናት። የአደባባይዋ ቤቶች ፊት ለፊታቸው በሥዕል ያሸበረቀ ስለሆነ ፎቶግራፏን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቀጥለው የመጡት ሳን ፕሬ፣ ቪድሊስባኽና ጉዋርዳም ጥንታዊና ውብ ከተሞችና መንደሮች ነበሩ። ለዚያ ዘመን ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ። አገሪቱ በገንዘብ ደርጅታ አውራ ጎዳና የምትዘረጋበት፣ በየተራራው የዕረፍት ቤት የሚበቅልበት፣ ለመኪና መንገድ ሲባል የከተማ መሐል የሚፈርስበት ጊዜ ነበር። የፌዴራሉ የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ ሕግ በ1966 ቢወጣም በአብዛኞቹ ካንቶኖች የቦታ ፕላን የሚያወጣውና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነው። የአንድ ትንሽ መንደር ምክር ቤት፣ አባላቱ ገበሬና ባለሱቅ የሆኑበት ምክር ቤት፣ ገንዘብ ይዞ የመጣን ባለሀብት «እዚህ አይሆንም» ሊለው ይገባ ነበር። እንዲህ ላለው ምክር ቤት በመላው አገር ፊት «ደግ አደረጋችሁ» የሚለው ድምፅ ትልቅ ድጋፍ ነበር።

ነገር ግን ውበትን ብቻ የሚሸልም ሽልማት አንድ አደጋ አለበት። መንደሩ ገጽታውን ጠብቆ ነዋሪውን ሊያጣ ይችላል። ግድግዳው ተቀብቶ፣ በመስኮቱ አበባ ተሰቅሎ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ተማሪ አጥቶ የተዘጋበት መንደር ተጠብቋል ለማለት ይከብዳል። ሽልማቱ ከዚህ አደጋ የወጣው፣ በእኔ ግምት፣ በ1993 በቲቺኖ ካንቶን የምትገኘውን ሞንቴ ካራሶን ሲመርጥ ነው። በዚህች መንደር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ያለባት ናት።

ሞንቴ ካራሶ በ1970ዎቹ መልክና መሐል የሌላት፣ ቤቶቿ ከቤሊንዞና ወጣ ብሎ በሜዳው ላይ የተበተኑባት መንደር ነበረች። መሐሏ ላይ አንድ የቀድሞ የኦገስቲናውያን ሴት መነኮሳት ገዳም ነበር፤ ከተዘጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ተከፋፍሎ፣ በላዩ ሌላ እየተቀጠለበት ማንነቱ የማይለይ ሆኖ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሩ ጠርዝ ሊሠራ ሲያስብ አርክቴክት ሉዊጂ ስኖዚ ሐሳቡን ገለበጠው፤ ትምህርት ቤቱ በገዳሙ ውስጥ ይሁን፣ ሕፃናቱ የመንደሩን መሐል መልሰው ይያዙት አለ። ምክር ቤቱም ተቀበለው። ዛሬ ተማሪዎቹ የሚማሩት የገዳሙ ቅጥር ውስጥ ነው፤ በዙሪያው ስፖርት አዳራሽ፣ ባንክና መኖሪያ ቤቶች ተተክለዋል፤ ሁሉም በዘመኑ ኮንክሪት የተሠሩ፣ አሮጌ ለመምሰል ያልሞከሩ ናቸው።

ከሕንፃዎቹ ይልቅ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ደንቡ ነው። ከ200 በላይ አንቀጽ የነበረው የመንደሩ የግንባታ ደንብ ተሽሮ በሰባት ደንቦች ተተካ። ዋናው፣ ማንኛውም ግንባታ የቦታውን አቀማመጥና የነባሩን አሠራር አጥንቶ መልስ መስጠት አለበት የሚል ነው። ሌላው፣ ባለቤቶች ዕቅዳቸውን ለባለሙያዎች ኮሚሽን አቅርበው ምክር እንዲያገኙ ያዛል። የጣሪያ ቅርፅና የግንባታ ዕቃ ግዴታ ተነሣ፤ ከአጥር የመራቅ ግዴታም ቀረ። የወለል ስፋት ከቦታው ስፋት ጋር ያለው ምጥጥን ከ0.3 ወደ 1 ከፍ ስላለ በአንድ ቁራጭ መሬት ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ መሥራት ተፈቀደ። ይህ ማለት ጥበቃ ያሉት ነገር መከልከል ላይ ብቻ አልቆመም፤ ተጠጋግቶ መሥራት ማሳውን ከመበላት ያድናል፣ መንደሩንም መንደር ያደርገዋል የሚል ስሌት ነበረው። በርካታ አገሮች «ቀይ የሸክላ ክዳን ግዴታ ነው» በሚል ደንብ ቅርስ የጠበቁ ሲመስላቸው ይህች መንደር የጣሪያውን ነገር ትታ የቦታውን ሥርዓት ያዘች። በእኔ ሙያዊ እምነት ትክክል የነበረችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ትምህርት የመሬት ነው። ቅርስ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ዋጋ ምክንያት ነውና መሬቱን ያልያዘ ማዘጋጃ ቤት ስለ ሕንፃው ብዙ ማለት አይችልም። በግራውቡንደን ተራሮች የምትገኘው ቭሪን፣ የ1998 ተሸላሚ፣ ይህን ቀድማ ያወቀች ናት። መሬቷ በአየር ባየር ነጋዴ እጅ ገብቶ ለውጭ ሰው የዕረፍት ቤት እንዳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ለግንባታ የሚሆነውን ቦታ ራሱ ገዛ። የመንደሩ ተወላጅ አርክቴክት ጆን ካሚናዳ ደግሞ ግንድ በግንድ ላይ እየተነባበረ ማዕዘኑ ላይ በሚቆላለፍበት በአካባቢው የእንጨት አሠራር አዳዲስ በረቶችና አንድ ቄራ ሠራ። የከብት በረት የሥነ ሕንፃ ቅርስ ሽልማት ውስጥ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል፤ መልሱ ግን ግልጽ ነው። ገበሬው በዘመናዊ መንገድ ከብት ማርባት ካልቻለ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ ጥንታዊውን የእንጨት ቤት የሚያሞቀውና የሚጠግነው አይኖርም።

የ2010 ተሸላሚዋ ፍሌሽ የተጓዘችበት መንገድ ሌላ ነው። የወይን መንደር ናት፤ በቤቶቿ መካከል የወይን ተክልና የፍራፍሬ ዛፍ ያለባቸው ክፍት ማሳዎች አሉ። መንደሩን ከሩቅ ያየ ሰው ቤትና ወይን ተደባልቀው ያያል፤ ውበቷም እሱ ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ ማሳዎች በፕላኑ ላይ ግንባታ የተፈቀደባቸው ስለነበሩ ባለቤቶቹ ነገ ተነሥተው ቤት ቢሠሩባቸው ሕግ ይደግፋቸው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ግንባታውን ዝም ብሎ ቢከለክል ደግሞ ካሣ ይጠየቃል። ስለዚህ በመሐል ያሉት ማሳዎች የግንባታ መብት ወደ መንደሩ ጠርዝ እንዲዛወር፣ ባለቤቶቹም በምትኩ እዚያ መሬት እንዲያገኙ የመሬት ልውውጥ ተደረገ። ይህ ከብዙ ባለቤቶች ጋር መነጋገርን፣ ቁራጭ ከቁራጭ ማመዛዘንን የሚጠይቅ አድካሚ ሥራ ነው። በመጨረሻ ግን መሐሉ ለወይኑ ቀረ። በፍሌሽ የተሸለመው አንድም ድንጋይ ያልተተከለበት ባዶ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። በ2005 ሽልማቱ ከልማዱ ወጥቶ ለፌዴራሉ የባቡር ድርጅት ተሰጠ፤ ጣቢያዎቹን በሚይዝበት መንገድ ምክንያት ነው። በ2011 የሎዛን ምዕራብ ዘጠኝ ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ ተሸለሙ፤ ፋብሪካና መጋዘን የበዛበትን የተዘበራረቀ ዳርቻ በአንድነት ለማቀድ ስለተስማሙ። በ2012 የበርን ጎረቤት ኮኒትስ፣ በ2024 ደግሞ የባዝል ጎረቤት ቢርስፌልደን ነበሩ። በዳርቻ ከተሞች ላይ ያለው ትኩረት ያለ ምክንያት አይደለም። የስዊዘርላንድ ሕዝብ በ2013 በድምፁ ያጸደቀውና በ2014 በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቦታ ፕላን ሕግ ከተሞች ወደ ማሳ መስፋፋታቸውን ትተው በተሠራው ክልል ውስጥ እንዲጠጋጉ ያስገድዳል። በውስጥ መጠጋጋት ማለት ደግሞ ነባሩን መንካት ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ዋናው የቅርስ ጥያቄ የሚነሣው በሽታይን አም ራይን አደባባይ ሳይሆን የትራም መስመር በሚያልፍባቸው፣ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሕንፃዎች በሞሉባቸው ሰፈሮች ነው።

ይህ ወደ እርስዎ ከተማ ያመጣናል። ሜራን እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ የገበሬ መንደር ነበረች። በ1960ዎቹ በአርክቴክት ዦርዥ አዶርና በባልደረቦቹ የተነደፈው ሰፈር ሲሠራ የስዊዘርላንድ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከተማ፣ ማለትም በትልቅ ከተማ ዳር ታቅዳ የተሠራች ከተማ፣ ሆነች፤ የአየር ማረፊያውና የሰርን የምርምር ማዕከል ጎረቤት ስለሆነችም ከመቶ የሚበልጡ ዜግነቶች ያሏቸው ሰዎች ሰፈሩባት። ከቤትዎ ሲወጡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሕንፃዎቹ ረጃጅምና ትይዩ ሆነው ቢቆሙም በመካከላቸው ያለው መሬት በአጥር አልተከፋፈለም፤ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው በሣርና በዛፍ ሥር እየተጓዙ ይደርሳሉ። በችግኝነት የተተከሉት ዛፎች አሁን 60 ዓመት ሊሆናቸው ነው። ያ ያልታጠረ መሬትና ያ ዛፍ የንድፉ ግማሽ አካል ነው። ዳኞቹ ያመሰገኑትም ሜራን ይህን የቅርብ ዘመን ውርስ እንደ ውርስ ቆጥራ መያዟን፣ ከጎኑም አዲሱን በጥራት መሥራቷን፣ ይህንንም ከነዋሪው ጋር እየተመካከረች ማድረጓን ነው።

አዲሱ ስል በዋናነት የሌ ቬርጄን ሰፈር ማለቴ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ የራሱ መሬት ነበረው፤ የሚበልጥ ዋጋ ለሚከፍል ከመሸጥ ይልቅ የመገንባት መብቱን ለረጅም ዘመን ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰጠ። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ስለቀረ ማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃውን ጥራት፣ በምድር ቤቱ ምን እንደሚከፈትና ግቢው እንዴት እንደሚያዝ የመናገር አቅም አገኘ። በአቅራቢያው ያለው የቬርን ሐይቅም ለመዝናኛ ብቻ የተቆፈረ አይደለም፤ ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደውን የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ ወንዞቹ በድንገት እንዳይሞሉ ያደርጋል፤ ለወፎችና ለእንቁራሪቶችም መጠለያ ሆኗል።

ከነባሮቹ ሕንፃዎች ጋር የተያያዘው ከባዱ ፈተና ግን ገና አላለቀም፤ እሱም ሙቀት ነው። በ1960ዎቹ ነዳጅ ርካሽ ስለነበር ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ ሰፊ ሆኖ ተሠራ። አሁን ኃይል መቆጠብ ግዴታ ነው። ቀላሉ መንገድ ሕንፃውን ከውጭ በወፍራም የሙቀት መከላከያ መሸፈን ሲሆን፣ ይህ ግን የመስኮቱን ቀጭን መስመር፣ የበረንዳውን ጥላ፣ የሕንፃውን ልክ ሁሉ ያጠፋዋል፤ ወፍራም ካፖርት የደረበ ሰው መልኩ እንደማይለይ ሁሉ ሕንፃውም ከማንኛውም ሕንፃ ጋር አንድ ይሆናል። በጎረቤትዎ በቬርኒዬ የሚገኘው ለ ሊኞን፣ በዚያው በአዶር የተነደፈውና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ፣ ሌላ መንገድ መኖሩን አሳይቷል። የሎዛን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመስታወትና የአሉሚኒየም ፊቱን ክፍል በክፍል አጥንተው፣ ገጽታው ሳይለወጥ ሙቀት የሚይዝበትን የጥገና ዘዴ ከነወጪው አወጡ፤ ጥናቱም በ2013 የአውሮፓ የባህል ቅርስ ሽልማት አግኝቷል።

ስለ ገንዘቡ ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ 20,000 ፍራንክ ለአንድ ፎቅ መስኮት እንኳ አይበቃም። ይሁን እንጂ ሽልማቱ ድጎማ እንዲሆን አልታሰበም። በስዊዘርላንድ የማዘጋጃ ቤት ፕላንና በጀት በሕዝብ ድምፅ ሊወድቅ ይችላል፤ አንድ ከንቲባ የሥነ ሕንፃ ውድድር ለማካሄድ ገንዘብ ሲጠይቅ «ለምን ይባክናል?» የሚለው ተቃዋሚ አይጠፋም። ከሽልማቱ በኋላ ለዚያ ተቃዋሚ የሚሰጥ መልስ አለ። ማኅበሩ ስለ ተሸላሚዋ ከተማ ጽሑፍ ያሳትማል፣ ጋዜጦች ይዘግባሉ፣ የሌሎች ማዘጋጃ ቤቶች ሹሞችም መጥተው ይጎበኛሉ። የ2023 ተሸላሚዋ ሊኽተንሽታይግ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት፤ ሁለት ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት፣ ፋብሪካና ባንክ የሄዱባት ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ አስተዳደሩ ወደ ተለቀቀው የባንክ ሕንፃ ገብቶ ጥንታዊውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ለቀቀ። ይህን የመሰለ ውሳኔ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ድፍረት ግን ይፈልጋል፤ ሽልማቱ የሚያጠነክረውም ያን ድፍረት ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ይኸው ማኅበር በ1966ቱ ሕግ መሠረት የቅርስ ሕግ በሚጥሱ ውሳኔዎች ላይ በፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው። ዛሬ የሚሸልመውን ማዘጋጃ ቤት ነገ ሊከሰው ይችላል ማለት ነው። ምስጋናው ክብደት ያለውም ስለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት። ሽልማቱ ሕጋዊ ጥበቃ አይሰጥም፤ በ2022 በመሸለሟ ብቻ በሜራን አንድም ሕንፃ እንዳይፈርስ አልተከለከለም። ጥበቃ የሚመጣው ሕንፃው በካንቶኑ የቅርስ መዝገብ ሲገባ ወይም ለአካባቢው ጥበቃ ያለው ፕላን ሲወጣለት ነው። በጄኔቭ ደግሞ ከአብዛኞቹ ካንቶኖች በተለየ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ካንቶኑ ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ አስተያየት ያቀርባል። ኪራይን በተመለከተ ሽልማቱ በራሱ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያሰጋው እድሳት ነው፤ ለዚህም ጄኔቭ የመኖሪያ ቤቶችን ማፍረስ፣ መለወጥና ማደስ የሚቆጣጠር የራሷ ሕግ አላት። በዚህ ሕግ መሠረት የመኖሪያ ሕንፃ ለማፍረስም ሆነ በስፋት ለማደስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከእድሳት በኋላ የሚጠየቀውን ኪራይም ባለሥልጣኑ ለተወሰኑ ዓመታት ሊወስነው ይችላል።

ስለዚህ በሕንፃዎ መግቢያ የእድሳት ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከሁሉ በፊት ማመልከቻው በካንቶኑ ይፋዊ የማስታወቂያ ጋዜጣ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሰው በ30 ቀን ውስጥ አስተያየቱን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ኪራይ የሚመለከተውን ወደ ተከራዮች ማኅበሩ ወደ አስሎካ ይውሰዱት። ሕንፃውን በተመለከተ ደግሞ የእድሳቱን ንድፍ ለማየት ጠይቀው ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የሙቀት መከላከያው ከውጭ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጨምር፣ በረንዳዎቹ ክፍት ሆነው መቅረታቸውን ወይም መዘጋታቸውን፣ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሣርና ዛፍ ለመኪና ማቆሚያ መወሰድ አለመወሰዱን። አስተያየትዎን በእነዚህ ላይ ይጻፉ፤ ከጎረቤቶችዎ ጋር ቢፈርሙበት ደግሞ የበለጠ ይሰማል፤ አንድ ግልባጭ ለሜራን ማዘጋጃ ቤት ይላኩ፤ በዚያ ማመልከቻ ላይ አስተያየት ከሚጠየቁት አንዱ እሱ ነውና።